በባዶ የደረሰው ሳጥን

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14
የዊኒፔግ ብርድ። መኪናዬ በግድ ተነሳች። አለቃዬ ዳግ፣ "ኔዲን፣ ደህና ነሽ?" አለኝ። ደህና ነኝ። ወንድሜ ሌላንድ ከተቀበረ ወዲህ ለሁሉም የምሰጠው መልስ ይቺው ናት። ምንም አይሰማኝም... ይሄ ደህና መሆን ነው?
ኩላሊታቸውን የሚያሳጥቡ አረጋውያን በኢንተርኔት መኪና የሚጠሩበትን የድርጅታችንን ገጽ ስነካካ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16
አንድ ሾፌር ደወለ። ዊልማ ኮስቲዩክ የሚባሉ አሮጊት ሰሞኑን በር አይከፍቱም። "ደወሉን ተጭነን ተጭነን እንመለሳለን።" እጥበቱ ቀርቶባቸው ትናንት ሆስፒታል ገብተዋል።
ዳግ፣ "አርጅተዋል፤ ረስተው ነው" አለ።
ይሆናል።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17
አልረሱም።
ገጹ ላይ "ሾፌሩ በየትኛው በር ይምጣ?" የሚል ሳጥን አለ። ዊልማ ድሮ "በጓሮ በር" ብለው ሞልተዋል። ባለፈው ሳምንት ዳግ የቆየ መልስ በስህተት እንዳይጠፋ ብሎ ሳጥኑን ቆለፈው። ጽሑፉ ይታያል፣ አይነካም። ገጹን የሚከፍተው ብሮውዘር ደግሞ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ያለውን ለእኛ ሰርቨር አይልክም። እሳቸው መልሳቸውን ስክሪኑ ላይ እያዩ ይልካሉ፤ እኛ ጋ ባዶ ይደርሳል። ሾፌሩ የፊት ለፊቱን በር ደወል ይጫናል። እሳቸው ጓሮ በኩል፣ ካፖርታቸውን ለብሰው...
ቁልፉን አንስቼ "ለማንበብ ብቻ" አደረግኩት፤ እንዲህ ሲሆን አይነካም፣ ግን ይላካል። ሞከርኩት። ደረሰ።
ዳግ፦ "በቃ፣ ተስተካከለ። ለማንም አታውሪ።"
"እሳቸውስ?"
"ማወቁ ምን ይጠቅማቸዋል?"
ራት አልበላሁም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19
ሆስፒታል ሄድኩ። ለምን? እንጃ።
"ልታናዝዢኝ የመጣሽ ቄስ ነሽ?" አሉኝ ዊልማ ገና ሲያዩኝ።
"አይደለሁም። የመኪናውን ገጽ ከሚሠሩት አንዷ ነኝ።"
ሁሉንም ነገርኳቸው። ጣራውን እያዩ ሰሙኝ።
"እኔ እኮ የሰለቸኋችሁ መስሎኝ! ሰው ስትሰለቺው አይነግርሽም፤ ይቀራል። ለነርሷ እጥበቱ ይብቃኝ ብያታለሁ።"
እጄን ኪሴ ከተትኩ።
"አለቃሽስ ምን አለ?"
"ለማንም አታውሪ አለኝ።"
እስኪያስላቸው ሳቁ። "እንግዲያው አልሞትለትም! ነርሷን ጥሪልኝ፣ እጥበቱን እቀጥላለሁ።"

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 20
ለዊልማ እውነቱን መናገሬን ለዳግ ነገርኩት። ፊቱ ቀላ። ሳጥናቸው ባዶ የደረሰ ሌሎች ሰዎችም አሉ፣ እንደውልላቸው አልኩ። ስልኩን አነሳ።

ቅዳሜ፣ ፌብሯሪ 8
ሾፌር ታሞ ዊልማን ራሴ ወሰድኳቸው። መኪናዬ በረዶው ላይ ተንሸራተተች።
"መንጃ ፈቃዱ በሎተሪ ነው የደረሰሽ?"
መሪውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።
"ቀስ በይ! ሳልታጠብ ልትጨርሺኝ ነው?"
"ታዲያ ለምን በእግርዎ አይሄዱም!"
ጮኼ ነው ያልኩት። ሁለታችንም ደነገጥን። ዳር ይዤ ቆምኩ። ጉንጬ ይግላል... ተናድጃለሁ። እኔ፣ ምንም የማይሰማኝ!
ዊልማ ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ። "ብዪ። ከዚያ ትነጂያለሽ።"
የሎሚ ነበር። ኮመጠጠኝ።