በሁለት እጃቸው ሁለት ሰዓት ያስሩ የነበሩት የአቶ በድሉ መንገሻ የሕይወት ታሪክ

አቶ በድሉ መንገሻ ከአባታቸው ከአቶ መንገሻ ኪራኮስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበበች ወልዴ በሚያዝያ ወር 1941 ዓ.ም. በደብረ ሲና ከተማ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታላቅ እኅታቸው ፀሐይነሽ መንገሻ ነኝ። በቁማቸው አንቱ ብያቸው አላውቅም፤ አዝዬ ያሳደግኋቸው ታናሼ ናቸው። ዛሬ ግን ወግ ነውና አንቱ እላቸዋለሁ። እኔ ተማሪ ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፉን እናሳምርልዎ ያሉኝን ሰዎች፣ ማተሙን አትሙት እንጂ ቃሉን እንዳትነኩት ብያለሁ።

አባታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። በድሉን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ እኔን ቤት አስቀሩኝ። አልከፋኝም ብል በሬሳ ፊት መዋሸት ይሆንብኛል። አቶ በድሉ እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1961 ዓ.ም. ተመረቁ። በውኃ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ አሥር ዓመት ካገለገሉ በኋላ በሱዳን በኩል ተሰደዱ። ካርቱም አራት ዓመት ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1984 ካናዳ፣ ካልጋሪ ገቡ፤ የእዚህን አገር ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

እዚህ ዲፕሎማቸውን ዞር ብሎ ያየላቸው አልነበረም። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት ዕቃ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖሩ። በ1986 ወይዘሮ ሠናይት ሞላልኝን አግብተው ማትያስንና ሄቨንን ወለዱ። ከሺፍት ወጥተው ኮሌጅ እየተማሩ፣ በ1989 በከተማው ባለ ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ፣ እነሱ ላብ የሚሉት፣ ቴክኒሻን ሆነው ተቀጠሩ። እኔ ሥራቸው ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ጠርሙስ አጣቢ እላቸው ነበር፤ እሳቸውም ይስቁ ነበር።

በኅዳር 1994 ታራዴል ሰፈር ቤታቸው አብሬ ልኖር ስመጣ፣ መርካቶ የገዛሁትን የእጅ ሰዓት አመጣሁላቸው። በእኛ አቆጣጠር ሞልቼ፣ ፈረንጅ ጠዋት ስምንት ሲል እሱ ሁለት እንዲል አድርጌ፣ በእጄ አሰርኩላቸው። «እንዳትነካው» አልኳቸው። አልነኩትም።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን የሰማሁት ባለፈው ቅዳሜ በለቅሶ ቤት ነው። አለቃቸው ፕሮፌሰሩና አንዲት የኩባንያ ኢንጂነር መጥተው ነገሩን፤ ሠናይት አስተረጎመችልኝ። እስካሁን ክው እንዳልኩ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲው ከአንድ የነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ ጋር አብሮ ሊሠራ ተነጋግሮ ነበር። ኩባንያው ለአምስት ዓመት ገንዘብ ይሰጣል፣ መንግሥት ደግሞ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ግራንት ይሉታል። ሥራው ቀለም መፈተን ነው። ዝገት እንዳይበላው የተቀባ የቧንቧ ቁራጭ በሚፈላ የጨው ውኃ ይነከራል፤ ቀለሙ እስኪላጥ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይታያል። የገባበትን ሰዓት አቶ በድሉ በእጃቸው ይጽፋሉ፤ የወጣበትን ማሽኑ ራሱ ያትማል።

ያን ዊንተር፣ የበረዶውን ወቅት ነው፣ የላቡ የግድግዳ ሰዓት ተበላሽቶ ወረደ። አቶ በድሉ ጠዋት ሲገቡ የእጃቸውን ያያሉ፣ ሁለት ይላል፣ ሁለት ብለው ይጽፋሉ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ጻፉ። ማሽኑ በፈረንጅ፣ እስከ ሃያ አራት እየቆጠረ ያትማል፣ እሳቸው በእኛ ይጽፋሉ። ስምንት ሰዓት ብቻ የቆየው ቀለም በወረቀት ላይ አሥራ አራት ሰዓት የቆየ ሆነ። ኩባንያው በደስታ ሰከረ። በመጋቢት 1995 ሰኞ ቀን ሊፈርሙ ተቀጠረ።

ዓርብ ዕለት ፕሮፌሰሩ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው የምስጋና ደብዳቤ አነበቡ። ይህ ሰው ለዚህ ግራንት ሲል በበረዶ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ሥራ ይገባል የሚል ነበር። ሁሉም አጨበጨበ። አቶ በድሉ ግን የእጃቸውን ሰዓት አዩ፤ የጻፉት የጠዋት ሁለት የፈረንጅ ሌሊት ሁለት ሆኖ እንደተነበበ ያን ጊዜ ገባቸው። አብሯቸው የሚሠራው ሸምሰዲን ወንበር አቀረበላቸው።

ወዲያው ለፕሮፌሰሩ ተናገሩ። ግራንቱ ከቀረ የፕሮፌሰሩም፣ የስድስት ተማሪዎችም፣ የእሳቸውም እንጀራ ይቀራል። ፕሮፌሰሩ ሳይደብቁ ነገሩን፤ እንፈርምና ቀስ ብለን እናርመዋለን ብለዋቸው ነበር። አቶ በድሉ የመለሱት «ቧንቧው እኛን አይጠብቅም» ብለው ነው። ከተቀበረ በኋላ ቢፈስ በሰው እርሻ ውስጥ ነው የሚፈሰው።

ሰኞ የኩባንያው ሰዎች ተሰብስበው እስክሪብቶ እንዳወጡ፣ አቶ በድሉ ሰዓቱን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ቁጥሩ ስድስት ሰዓት ትርፍ አለው» አሉ። «ስህተቱ የሰዓቱ አይደለም። የእኔ ነው።» እንግዶቹ ወረቀታቸውን ሰብስበው ሳይፈርሙ ወጡ። ላቡ ለቅሶ ቤት መሰለ፤ ይህን ያሉት ፕሮፌሰሩ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

አቶ በድሉ የሦስቱን ወር ሥራ ከአንድ ጀምረው እንደገና ነከሩ። በዚያን ጊዜ ነው ሌላ ሰዓት ገዝተው በቀኝ እጃቸው ያሰሩት። እኔ ምላሴ መቼ ያርፋል፤ «አንተ በድሉ፣ ሰዓት አዟሪ ሆንክ?» አልኳቸው። «አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለእርስዎ፣ እትዬ» አሉኝ። ያመጣሁት ሰዓት ከሥራቸው ሊያፈናቅላቸው እንደነበር ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይነግሩኝ ኖሩ።

በመስከረም ኩባንያው ተመልሶ መጣና ፈረመ። ኢንጂነሯ ቅዳሜ ስትነግረን «ጥሩ ቁጥር የሚያሳየን ላብ ሞልቷል። የራሱን ጥሩ ቁጥር ያፈረሰ ሰው ያየሁት ግን እዚያ ብቻ ነው» አለች። እሷን ሰምተው ሌሎች ሦስት ኩባንያዎች ገቡ፣ መንግሥትም ጨመረ። በ1997 አዲስ የላብ ፎቅ ተመረቀ፤ ጋዜጣው ዩኒቨርሲቲውን አመሰገነ፣ ትልልቆቹን በስም ጠራ። አቶ በድሉ በፎቶው ዳር የሰው ኮት ይዘው ቆመዋል። ስማቸው የለም። እንግዲህ እዚህ ተጽፏል።

በዚህ ቦታ ሕመማቸው ይጻፍ ነበር። ሕመም አልነበራቸውም። ሐሙስ የካቲት 5 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1998፣ ቁርሳቸውን በልተው፣ የመኪናቸውን በረዶ ጠርገው ወጡ። አንድ ቁራጭ ነክረው፣ የገባበትን ሰዓት ጽፈው፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዚያው ቀሩ። ልብ ነው አሉን። አርባ ስምንት ዓመት የዕድሜ ጫፍ አይደለም፤ ልክ ነው የሚለኝ ካለ አልሰማውም።

ሆስፒታሉ ሁለቱንም ሰዓት በፖስታ አድርጎ ሰጠን። ሁለቱም ይሠራሉ። የቀኙ ለሠናይት ነው። የግራው በእጃቸው ላይ ታስሮ አብሯቸው ይሄዳል፤ እኔ ነኝ ያሰርኩት።

አቶ በድሉ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሠናይትን፣ ልጆቻቸውን ማትያስንና ሄቨንን፣ እኔንም ትተው ሄደዋል። ያረፉት ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ተኩል ነው፤ በፈረንጅ አሥር ሰዓት ተኩል። ስህተት እንዳይኖር ሁለቱንም ጽፌአለሁ። የላይኛውን ቤት የገቡበትን ሰዓት ደግሞ እግዚአብሔር በእጁ ይጻፍላቸው፤ መውጫም አይኑራቸው። አሜን።