ሰያፉ ቦይ

ዓርብ፣ መስከረም 2
ሴንት ፖል

ውድ ጋሽ ቂርቆስ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ቆይቼ በ«አንተ» መጀመር ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ኮሌጁ ውስጥ አብሬህ ሣር ማጨድ በጀመርኩባት በመጀመሪያዋ ቀን አንቱ ስልህ «ተው እባክህ ፍቅሬ፣ ሳላረጅ አታስረጀኝ» ብለህ ስለከለከልከኝ፣ በዚያው እቀጥላለሁ።

መደወል እችል ነበር። ቡርንስቪል ምን አላት፣ ትራፊክ ከሌለ ሃያ ደቂቃ ናት፤ ቤትህ ድረስ ድራይቭ አድርጌ መምጣትም አያቅተኝም። ግን እኔን ታውቀኛለህ። ፊትህን ካየሁ ቀልድ ይቀድመኛል። ቀልጄ ቀልጄ ዋናውን ነገር ሳልነግርህ «በል ጋሼ ቻው» ብዬ እወጣለሁ። እሱም ከተገኘ ነው። አምና ስኔሊንግ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ውስጥ ከሩቅ ሳይህ፣ ያዘዝኩትን ሳልበላ በጓሮ በር ወጥቻለሁ። ስለዚህ ወረቀት ይሻለኛል፤ ልጅህ ሊዲያ ከሥራ ስትመለስ ትሰጥሃለች።

ከዝናቡ ልጀምር። ነሐሴ 27 ማክሰኞ ጠዋት የጀመረው ዝናብ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላባራም። የሚኒሶታ ዝናብ ፎክሮ የሚሄድ ነበር፤ ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ አንድ ሁለት ዛፍ ጥሎ፣ ከሰዓት ፀሐይ ይሆናል። ይሄኛው ግን እንደኛ አገር ክረምት ተደላድሎ ተቀመጠ። የኮሌጃችን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ልጆች ደግሞ ነገ ቅዳሜ የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ነው፣ በገዛ ሜዳችን። አሰልጣኙን ታውቀው የለ? በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ዝናብ ማንንም አልገደለም» ብሎ እዚያው ዝናብ ውስጥ አሠራቸው። ያቺን ሞላላ ኳሳቸውን ባልዲ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ይወራወሩ ነበር፣ እጃቸው እርጥብ ኳስ እንዲለምድ። በአራተኛው ቀን ግን የሜዳው ሰሜን ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ያዘ። ሁለት ዳክዬዎች መጥተው ሃያው ያርድ ላይ መዋኘት ሲጀምሩ አሰልጣኙ ራሱ ተስፋ ቆረጠ።

ከዚያ ወዲያ ልምምዱ ጂም ውስጥ ሆነ። መቶ አራት ጎረምሳ አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ! አንዱ ሲሮጥ ሌላው ግድግዳ ተለጥፎ ያሳልፈዋል። መጋጨት የለ፣ መውደቅ የለ፤ በካልሲ ቀስ እያሉ ሲራመዱ ሠርግ ቤት የመጡ እንግዶች ይመስሉ ነበር። ናፍያድን ታስታውሰዋለህ? የዙለይሃን ልጅ፣ አንተ ያኔ ገና ሲመጣ አይተህ «ይሄ ልጅ ብቻውን ሞፈር ይጎትታል» ያልከውን? አሁን የመጨረሻ ዓመቱ ነው። እናቱ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው፣ ቅዳሜ ኦፍ አግኝታ ስለማታውቅ አንድም ቀን ሲጫወት አላየችውም። ለዚህኛው ግን ከወር በፊት ጠይቃ ተፈቅዶላታል። ጂሙ በር ላይ አገኘኝና «አንክል ፍቅሬ፣ ጌሙን ሙቭ ያደርጉታል እንዴ? ማሚ ዓርብ ማታ ሽፍት አላት፣ ሩቅ ከሆነ አትደርስም» አለኝ። «እኔን ሳይሆን ሰማዩን ጠይቀው» አልኩት። ቀልዱ ለራሴም አልጣመኝ።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ልጆቹ ገና ዝናብ ውስጥ ሲለማመዱ ሳለ፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ ላይኛው ፓርኪንግ ላይ አንዲት ግራጫ መኪና መጥታ ትቆም ጀመር። የመስታወት መጥረጊያዋ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ሰው ግን አይወርድም። አሰልጣኙ «የተጋጣሚዎቻችን ሰላይ ነው! ሂድና አባርልኝ» አለኝ። እኔም ዳገቱን እየሮጥኩ ወጥቼ፣ ገና ከሩቁ እጄን እያወናጨፍኩ «ሂዱ! ከዚህ ሂዱ!» ብዬ ጮህኩ። መኪናዋ ቀስ ብላ ዞራ ወጣች። ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ። ይህችን መኪና ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4፣ አለቃችን ዴል ሁላችንንም ሰብስቦ «እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን ድረስ ውሃው ካልወረደ ጨዋታውን ወደ ተጋጣሚዎቻችን ሜዳ እንወስደዋለን» አለ። ሁለት ፓምፕ ቀን ከሌት ይሠራ ነበር። ፓምፑ ያወጣውን ዳገቱ መልሶ ይሞላዋል፤ ከፓርኪንጉም ከዶርሞቹ ጣሪያም የሚወርደው ውሃ ሁሉ መጨረሻው ሜዳው ነው። ያን ጊዜ አንተ ትዝ አልከኝ። ትዝ አልከኝ እንኳ አይባልም፣ መቼ ረሳሁህና።

የዛሬ ሦስት ዓመት እዚያች ዳገት ላይ ዝናብ እየወረደብህ ግማሽ ቀን ቆመህ ውሃ ስታይ ዋልክ። እኔ «ጋሼ፣ ውሃ አይተህ አታውቅም እንዴ?» እያልኩ ሳቅሁብህ። «ዝም ካልክለት ውሃ መንገዱን ራሱ ይነግርሃል» አልከኝ። ቅዳሜ ማንም ሳያዝህ አካፋህን ይዘህ መጣህና፣ ከፓርኪንጉ ጥግ እስከ መንገዱ ዳር ጎርፍ መቀበያ ድረስ ዳገቱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ቦይ አወጣህ። «ፈሰስ ነው» አልከኝ። «ጎጃም ማሳ ላይ ውሃ እንዳይተኛ እንዲህ እናወጣለን። ቁልቁል ከለቀቅከው አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፣ አግድም ካረግከው ይተኛል። ሰያፍ ነው ደጉ።» የሣሩን ቁራጭ ሳትሰብር እያነሳህ፣ ሣሩን ወደ ታች ገልብጠህ፣ ሦስት ሦስት አድርገህ ዳሩ ላይ ደረደርክ። እኔ አራዳ ነኝ ባይ «የጎጃም ካናል» ብዬ ስም አወጣሁለትና ሠራተኛውን ሁሉ አሳቅሁብህ።

በሳምንቱ እዚያው ቦይህ አጠገብ የሜዳው ውሃ ማጠጫ ቧንቧ ተሰብሮ ተገኘ። ዴል መጥቶ ቧንቧውን አየ፣ ቦዩን አየ። «ማነው ይህን የቆፈረው?» ሲል «እኔ ነኝ» አልክ። ያለፈቃድ መቆፈርህ እርግጥ ጥፋት ነበር። ቧንቧውን ግን አካፋህ አልነካውም።

ጋሽ ቂርቆስ፣ ቧንቧውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ያን ለት መሬቱን የሚበሳሳውን ማሽን ስነዳ፣ አስቀድመን እያንዳንዱ ውሃ መርጫ ላይ የምንተክላቸውን ትንንሽ ባንዲራዎች አልተከልኩም። «ባንዲራ ሳትተክል ማሽን አታስነሳ» ስትለኝ ኖረሃል። ሃምሳ ጊዜ ማጎንበስ ሰነፍኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ማሽኑ ሲንገጫገጭ ሰምቼ፣ አፈር በእግሬ ጎትቼበት ሄድኩ። ዴል ሲጮህብህ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ ጫማዬን አይ ነበር። ቦይህን በገዛ እጅህ አስደፍኖ ከሥራ አሰናበተህ። አንዴ ብቻ ቀና ብለህ አየኸኝ። ታውቅ ነበር አይደል? የማሽን ጥርስንና የአካፋ ቁርጥን መለየት አንተን ይሳንሃል? ሆድ ይፍጀው ብለህ ሄድክ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት ግን ሦስት ዓመት አደረ።

ረቡዕ ጠዋት አካፋ ይዤ ወጣሁ። የድሮ ቦይህን መስመር ፍለጋ ከታች ጀምሬ ዳገቱን ወጣሁ። ፓርኪንጉ ጥግ ስደርስ ክው አልኩ። ቦይህ ተከፍቷል! ሦስት እርምጃ ያህል ብቻ፣ ግን ተከፍቷል። የሣሩ ቁራጮች ሣራቸው ወደ ታች ተገልብጦ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ዳሩ ላይ ተደርድረዋል። ጭቃው ላይ የቦት ጫማ ዱካ አለ፣ አንዱ እግር የተጎተተ። ውሃው በዚያች ሦስት እርምጃ ገብቶ መሄጃ አጥቶ ቆሟል።

እንደዚያ ሣር የሚደረድር ሰው በዚህ አገር አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ግራጫዋ መኪና ያን ጊዜ ገባችኝ። እዚያው ጭቃ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚህ ሜዳ ሁለት ጊዜ አባረርኩህ፤ አንዴ አፌን ዘግቼ፣ አንዴ ደግሞ እጄን እያወናጨፍኩ።

ካቆምክበት ጀመርኩ። የቀረው ሰባ እርምጃ ነበር። እኩለ ቀን አልፎ ጎርፍ መቀበያው ጋ ስደርስ የመጨረሻዋን የሣር ቁራጭ አነሳሁ። ውሃው መጀመሪያ አመነታ። ከዚያ መጣ፣ አቤት አመጣጥ! አጃኢብ ነው ጋሼ! ሁለት ፓምፕ ያልቻለው ውሃ፣ ያለ ሞተር፣ ያለ ነዳጅ፣ አንተ ባሳየኸው መንገድ አፈር እንኳ ሳይነካ ወረደ። ዳገቱ ላይ ቆሜ ሜዳውን አየሁት። አዲስ ውሃ አይገባበትም፤ አሮጌውን ደግሞ ራሱ መሬቱ እየጠጣው ነው። አሥር ሰዓት ላይ የደበዘዘው የሃያ ያርድ መስመር ከውሃው ውስጥ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ አሥሩ። ዳክዬዎቹ ተነሥተው ሄዱ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ቆሜ አላውቅም። ያን ግማሽ ቀን እኔ ስስቅ፣ አንተ ይህን ሁሉ አይተኸው ነበር።

ሐሙስ፣ የእንቁጣጣሽ ለት፣ ዝናቡ አባርቶ ነፋስና ፀሐይ ሆነ። እኩለ ቀን ላይ ዴል ሜዳው መሀል ገብቶ በተረከዙ ረገጠ፤ ውሃ አልወጣም። አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋ። ጋሼ፣ ብታያቸው! ስድስት ቀን ጂም ውስጥ ታፍነው የሰነበቱ መቶ አራት ልጆች በሩን ሰብረው ሊወጡ ምንም አልቀራቸው። ሲሮጡ መሬቱ ከእግሬ ሥር ይርገበገብ ነበር። ናፍያድ ሣሩ ላይ በደረቱ ተንሸራቶ ተነሣና ሰማዩን አይቶ ጮኸ። እኔም አብሬው ጮህኩ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ዴል ግን ዳገቱን ወጥቶ ቦዩን እያየ ነበር። «ማነው ይህን የቆፈረው?» አለ። ያቺው ጥያቄ፣ እዚያው ቦታ ላይ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? «ቂርቆስ ነው» አልኩት። «እኔ ጨረስኩት እንጂ የቂርቆስ ነው።» ከዚያ አላቆምኩም። ማሽኑን፣ ቧንቧውን፣ ያልተከልኳቸውን ባንዲራዎች፣ ሁሉንም ነገርኩት። እንግሊዝኛዬ ተደነቃቀፈ፣ ከነገሩ ግን አልቀነስኩም። ዴል ቆቡን አወለቀ። «ያ ሰው አንድ ቃል እንኳ አልተከራከረኝም እኮ» አለ። እኔን በጽሑፍ እንደሚያስጠነቅቀኝ ነገረኝ፤ ሲያንሰኝ ነው። ቀጥሎ «ስልኩን ስጠኝ፣ ራሴ ይቅርታ ልጠይቀው» ሲለኝ «ተራው የእኔ ነው፣ አንተ ትከተለኛለህ» አልኩት።

ማታውኑ ለሊዲያ ደወልኩ። «አንተ ነህ አይደል ያባረርከን?» ብላ ተቀበለችኝ። ስደነግጥ ሳቀችብኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ‹ሜዳው ውሃ ይዟል፣ ውሰጂኝ› ይለኛል። ‹አባባ፣ አንተ እኮ እዚያ አትሠራም› ስለው አይሰማኝም። ሰኞ ለት ደግሞ የመኪናውን ትራንክ ስከፍት አካፋ አለ! ‹በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጉልበትህ፣ ሲክ ልትሆን ነው?› ብዬ ስጮህበት ‹የሩፋኤል ዝናብ ነው፣ ጠበል ነው፣ ማንንም አይጎዳም› አለኝ» አለች። ሦስት እርምጃ ቆፍረህ ጉልበትህ እንቢ ሲልህ፣ እሷ ትከሻ ላይ ተደግፈህ ወደ መኪናው እየተመለስክ «ግድ የለም፣ ፍቅሬ ያየዋል። የቀረውን እሱ ያውቃል» አልክ አለችኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። የትኛው ፍቅሬ ነው የሚያየው? ጫማውን ሲያይ የነበረው? ዘጠኝ ቀን ሲዘንብ ተገርሜ ነበር፣ ውሃው መንገዱን ሲያገኝም ተገርሜ ነበር። ያባረረህን ሜዳ ለማዳን በጳጉሜ ዝናብ አካፋ ይዘህ መምጣትህን፣ ከዚያም በላይ እኔን ማመንህን ግን እስካሁን ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። ይቅር በለኝ ጋሼ።

ነገ ጨዋታው በሰባት ሰዓት ነው፣ በአሜሪካኖቹ አንድ ሰዓት። ዙለይሃ ከሽፍቷ በቀጥታ ትመጣለች። አንተም መኪና ውስጥ እንዳትቀመጥብኝ። ዛሬ ጠዋት ሃምሳዎቹን ባንዲራዎች ይዤ ወጣሁ። ከላይኛው ፓርኪንግ ጥግ ጀምሬ፣ በቦይህ ዳር፣ ለጉልበትህ ደረቅና ለጥ ያለውን መሬት እየመረጥኩ፣ እስከ ልጆቹ ወንበር ድረስ ተከልኳቸው። ሃምሳ ጊዜ አጎንብሼ። እነሱን እየተከተልክ ቀስ ብለህ ውረድ፤ የመጨረሻዋ ባንዲራ ጋ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ቧንቧውን የሰበረው፣
ፍቅሬ