የጥግ ጠረጴዛዎች

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ባልሽ ሳሉ ለቀቀው ወይስ አሁንም ሐኪም ቤት አልሄድም እያለ ያስቸግርሻል? እኔ ደህና ነኝ። ይሄን ቃል ለወግ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልሽ፤ ዛሬ ከልቤ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ በመንገደኛ እጅ ቅባት ትልኪያለሽ፣ እኔም “ደርሶኛል፣ ደህና ነኝ” ብዬ በአንድ መስመር እመልሳለሁ። እህትማማቾች አይደለንም፣ የመድኃኒት ቤትና የደንበኛ መጻጻፍ ነው የያዝነው። ስለዚህ ዛሬ ሦስት ወረቀት ገዝቼ ተቀምጫለሁ።

ባለቤቴ ምስማሩ ሰላም ብሎሻል። አንቺ ያወጣሽለት ስም ተጣብቆበት ቀረ፤ አሁን ደንበኞቹም ምስማሩ ነው የሚሉት። ክሳቱም እንዳለ ነው፣ የሚበላው የት እንደሚገባ እንጃ።

የሚበላው ስል ወደ ወሬዬ ገባሁ። ከምስማሩ ጋር ከተማውን እየዞርን ምግብ ቤት እንበላለን። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት። አዎ፣ እኔ። ዳቦ እንኳ በጎረቤት ታስገዛ የነበረችው እህትሽ።

ከሐኪም ቤት እስከወጣሁ ድረስ ያለውን አጠገቤ ስለነበርሽ ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። መሥሪያ ቤት ስመለስ አለቃችን ከትኬት መስኮቱ አንስቶ ከጀርባ ባለችው የስልክ ክፍል አስቀመጠኝ። ለእኔ አስቦ ነው፤ እኔም ተመስገን ብዬ ገባሁ። አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይነሳል ብሎ የሚደውል ሰው ድምፄን እንጂ ፊቴን አያይም። አንዱ እንዲያውም፣ በዚህ ድምፅሽ ቆንጆ ሳትሆኚ አትቀሪም ቢለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ቤት ስገባ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ገበያ የለ፣ ሠርግ የለ፣ ጎረቤት የለ። ስምንት ወር እንዲህ ኖርኩ፣ ኖርኩ ከተባለ።

ምስማሩ ደግሞ ምክር አይሆንለትም። አንድ ቀን የሰው ወንበር እየላገ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ በዚህ ከተማ የአርባ ምግብ ቤት ወንበር ጠግኛለሁ፣ አንዱም ላይ ተቀምጬ በልቼ አላውቅም አለኝ። ሂዳ፣ ማን ያዘህ አልኩት። ብቻውን የሚበላ ሰው ሆዱን እንጂ ምግቡን አያውቀውም አለ። አልሄድም አልኩ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ቤት ከዓምዱ ኋላ አንድ ጠረጴዛ አለች፣ ወንበርሽን ወደ ግድግዳው ካዞርሽው ማንም አያይሽም፣ እግሯን የሠራሁት እኔ ነኝ አለ። ሳምንት ሙሉ አሰብኩበትና ሻርፔን እስከ ዓይኔ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሩዝና አትክልት በላን። ሩዙ እርጥብ ነበር፣ ግን ሌላ ሰው የቀቀለው ሩዝ መሆኑ ራሱ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ማን ይቻለን። እታለም፣ የዚህን ከተማ ምግብ ቤቶች ግድግዳ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው የለም። የባቡር ጣቢያው አረንጓዴ ቀለም ተላልጦ ከሥሩ ሰማያዊው ይታያል። ዓሣ ቤቱ የዛሬ ሦስት ዓመቱን የቀን መቁጠሪያ እስካሁን አላወረደም። ድልድዩ ሥር ያለችው ሾርባ ቤት የመርከብ ሥዕል አላት፣ ከመስታወቱ ውስጥ አንድ ዝንብ ሸራው ላይ ሞቶ ቀርቷል። እሱ ለወንበር ነጥብ ይሰጣል፣ እኔ ለግድግዳ፣ ምግቡን አብረን እናማዋለን። ዓሣ ቤቱ በወንበር ዘጠኝ፣ በግድግዳ ሦስት አገኘ፤ ዓሣው ግን ጣት ያስቆረጥማል። የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰውዬው ሳይቀመጥ ወንበሩን ይገለብጠዋል። ከሥሩ በእርሳስ የሳላትን ትንሽ ምስማር ካገኘ የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ ፊቱ ይበራል። ካላገኘ የሌላ አናጢ ሥራ ነው ብሎ እስከ ፍራፍሬው ያኮርፋል።

ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። የምንሄድበት ሁሉ የጥግ ጠረጴዛ ክፍት ሆኖ ይጠብቀናል። አስተናጋጆቹም ምን ልታዘዝ የሚሉት ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ነው። የሾርባ ቤቷ ሴትዮ እንዲያውም ጣሪያዋን ስታይ ሾርባውን ጭኔ ላይ ልትደፋው ምንም አልቀራት። ያኔ ነቃሁ። ለካ ምስማሩ አርብ አርብ ቀድሞ እየሄደ ጠረጴዛ ያስይዛል፣ ባለቤቴን አደራ ትክ ብላችሁ እንዳታዩዋት እያለ ይለምናል። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። መንገድ ላይ ጮህኩበት፣ እኔ ጮህኩ፣ በሰው ፊት። ሰው እንዳያየኝ ፈራሁ እንጂ አትዩልኝ ብዬ ማንን ላክሁ? ሦስት ቅዳሜ ቤቴ ተቀምጬ ድንች እየቀቀልኩ አቀረብኩለት። በመጨረሻ ሁለተኛ ቀድሜ ብሄድ ይቺ እጄ አትሥራ ብሎ ማለ። አናጢ በእጁ ሲምል ያው ታውቂያለሽ፣ ታረቅሁት።

እንግዲህ ያለፈችውን ቅዳሜ ስሚኝ። ሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው ትልቁ ምግብ ቤት ሄድን። በመሐላው መሠረት ምስማሩ ቀድሞ ማንንም አላናገረም። አራት የጥግ ጠረጴዛ አለው፣ አንዱ አይጠፋም እያለ መንገዱን ሙሉ አጽናናኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ስንገባ ቤቱ ጢም ብሏል። ወደ ጥጉ አየሁ፤ ባዶ ወለል። ወደ ሌላው ጥግ አየሁ፤ ባዶ ወለል። በአራቱም ጥግ የጠረጴዛ እግር የነበረበት ቦታ ብቻ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል። ምስማሩን ዞሬ ሳየው ግንባሩን ይዞ ቆሟል። ከዚያ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣

“እኔ ጋ ናቸው” አለኝ።

“ምኖቹ?”

“ጠረጴዛዎቹ። ረቡዕ በጋሪ ወስጄ እግራቸውን ነቅዬአቸዋለሁ። አራቱንም።”

አስቢው እስቲ፣ ሚስቱን የሚደብቅበትን ጠረጴዛ በገዛ እጁ ፈታትቶ፣ ግቢያችን ውስጥ ከልብስ ማስጫው ሥር ከምሮ፣ እኔም በየቀኑ እየዘለልኳቸው እያለፍኩ፣ ተያይዘን ምሳ መጥተናል። ሆን ብሎ ነው ወይ ብዬ እስከ ዛሬ እጠይቀዋለሁ፣ በእጁ እየማለ ረስቼው ነው ይላል። የቀረው አንድ ጠረጴዛ ነበር፣ እሱም መሐል ለመሐል፣ የመስኮቱ ብርሃን ወለል ብሎ የሚያርፍበት። ምስማሩ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ጎተተኝ። አስተናጋጇ ደግሞ ጣሪያውን አታይም፣ እኔን እያየች ወንበር ሳበችልኝ።

ሳቄ መጣ። እታለም፣ ሳቄ መጣ ስልሽ ፈገግታ አይደለም፤ እንባዬ እስኪወርድ፣ ጠባሳዬ እየተወጠረ እያመመኝ፣ ወንበሩን ይዤ ሳቅሁ። ሙቀት ለቀቀብኝና ሻርፔን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ቀና አልኩ። ሰዉ ሁሉ አየኝ። አየኝና ወደ ሾርባው ተመለሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ሰው ለካ ከእኔ ፊት ይልቅ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝበት የሚጨነቅ ኖሯል። ተቀመጥኩ። የተጠበሰ ዶሮ አዘዝኩ፣ በራሴ አፍ፣ ጮክ ብዬ።

በቀጣዩ ጠረጴዛ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። እናቷ ከሥር ብትቆነጥጣትም ዓይኗን አልነቀለችም። በመጨረሻ ፊትሽ ምን ሆነ አለችኝ። ይሄን ጥያቄ ሁለት ዓመት ስሸሸው ኖሬ ሲመጣ በድንች ጥብስ በተለወሰ አፍ መጣ። እኔም ነገርኳት። ከእህቴ ጋር ድንች እየጠበስን ነበር፣ በጣም እየሳቅን ነበር፣ ዘይት ፈሰሰብኝ አልኳት። ልጅቷ ዘይቱን ተወችው። ምን ነበር የሚያስቃችሁ አለች።

እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ቀን ሳስበው ጩኸቱን ብቻ ነበር የማስታውሰው። ከዚያ በፊት ስንስቅ እንደነበር ራሴ ስናገረው ነው የሰማሁት። ለልጅቷ ሁሉንም አጫወትኳት። ባለቤቴ መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ዕለት ተቀመጥ ሲባል ወንበሩን ገልብጦ ሥሩን ማየቱን፣ እህቴም ያን ቀን ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ አንገቷን እንደሱ አስግጋ፣ ወንበር ስትገለብጥ እያስመሰለች ስታሳየኝ እንደነበር። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች፣ እናቷም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ ምስማሩ አንገቱን ደፋ። መጥበሻው በማን እጅ እንደነበረ ልጅቷ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት። እኛም በሳቁ መጥበሻውን ረስተነው ነበር እኮ፣ ሁለታችንም።

ከዚያ ድንቿን አላምጣ ውጣ፣ “እህትሽም ተቃጠለች?” አለችኝ።

“አዎ” አልኳት።

“የቷ ጋ?”

ካየኋት ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ አላውቅም አልኳት። ልጅቷ ግራ ገብቷት እናቷን አየች። ዶሮው ሲመጣ ምስማሩ የኔንም ድርሻ ቆራርጦ ሰጠኝ፣ እኔም አጥንቱ እስኪቀር በላሁ።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ መስኮቴን መልስልኝ አልኩት። ሰዉ እንዳያስቀይምሽ ብዬ እኮ ነው አለ። ካስቀየመኝ ትኬቱን አልቆርጥለትም አልኩት፤ ሳቀና ቁልፉን ሰጠኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ መስኮቱ ላይ ዋልኩ። ትናንት አንድ ሰውዬ ትክ ብሎ አየኝ፣ እኔም ትክ ብዬ አየሁትና ወዴት ልቁረጥልህ አልኩት። የሚሄድበት ጠፍቶት ተንተባተበ። ጉድ እኮ ነው፣ ያፈረው እሱ ነው።

አሁን ስሚኝ። አንቺ ካለሽበት የሚመጣው አውቶቡስ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል፤ መርሐ ግብሩን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አይመቸኝም እንዳትዪኝ። ነገ በሾፌሩ እጅ ከምልከው ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእጄ የቆረጥኩት ትኬት አለ። የጥግ ጠረጴዛዎቹ ተጠግነው ተመልሰዋል፣ እኛ ግን መሐሉን ነው የያዝነው። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ራሴ ሄጄ ለሦስት ሰው አስያዝኩ። አስተናጋጇ ሦስተኛው ማነው አለችኝ፣ ስትስቅ ቤት የምትሞላ ሴት ናት አልኳት።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ያ ቀን የወሰደብሽን እንቅልፍ ይመልስልሽ። ምስማሩ ከጎኔ ይቀመጣል። ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ያንቺ ነው፤ ቀና ብለሽ እዪኝ።

ሁሌም የምትወድሽ፣
ታናሽ እህትሽ