ሸክላው ዝም ያለበት ቦታ

ዛሬ ሰኞ፣ ግንቦት 19 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ እኔ ጥሩወርቅ አለሙ በቆቦ ከተማ በገዛ ቤቴ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ኑዛዜ አስጽፌአለሁ። ተስቦው ጉልበቴን ወሰደ እንጂ አእምሮዬን አልነካም። የሚጠራጠር ቢኖር የዛሬ ጠዋቱን የአውቶብስ ሾፌር ይጠይቅ! ደጄ ላይ ቆሞ ራዲዮኑን ከፍ ሲያደርግ ዘፈኔ ነበር፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ እስከ መጨረሻው አብሬ ዘፈንኩ፤ አንዲት ቃል አልሳትኩም።

ጸሐፊው አቶ ገብረ ማርያም «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይህ እኮ ኑዛዜ ውስጥ አይገባም» ብለውኛል። ይገባል፤ ይጻፉልኝ ብያቸዋለሁ።

አንደኛ፦ ጠጅ ቤቴን ከነጋኖቹ ለእህቴ ልጅ ለአስካለ አውርሻለሁ። ሰው ሁሉ በሽታዬን ፈርቶ ሲሸሸኝ ራሴን ያጠበችኝ እሷ ናት። ጋኖቹ ዘንድሮ ባዶ ናቸው፤ ዝናብ ሲመለስ ይሞላሉ። ጓዳ ያለችው ጥቂት ማሽላ ግን ውርስ አይደለችም። ነገ ጠዋት ንፍሮ ተቀቅላ መንገድ ዳር ለወደቁት ትሰጥ።

ሁለተኛ፦ የሸክላ ማጫወቻዬን ለወንድሜ ለተሾመ አውርሻለሁ። ተሾመ «አዝማሪ ሆና አዋረደችን» ብሎ አምስት ዓመት ሰላምታ ነፍጎኛል። አምና ግን ጎብዬ ሻይ ቤት ገብቶ ሸክላዬን ሰባት ጊዜ አስደግሞ «እህቴ ናት!» እያለ ሲፎክር ውሏል አሉ። ስሰማ በሳቅ ልሞት ነበር። ይቅር ብየዋለሁ፤ በየገበያው ቀን ማጫወቻውን ደጅ አውጥቶ ለሰው ያሰማ።

ሦስተኛ፦ ይህ የኑዛዜዬ ዋናው ነው፤ ቀስ ብለው ይጻፉልኝ።

የዋጃዋ ጨርቅ ነጋዴ ዓሊማ ጠጅ አትቀምስም። እዚህ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ «ተቀበይ!» ብላ ግጥም ትሰጠኛለች፤ እኔ ተቀብዬ እዘፍናለሁ። ዐሥር ዓመት እንዲህ ኖርን። በእኛ አገር የግጥም ሰጪ ስም አይጻፍም፤ ምን ይሠራል? ቤቱ ሙሉ ሰው ድምፅዋን ይሰማ የለም ወይ?

ጥቅምት 1965 ሸክላ ላሳትም አዲስ አበባ ሄድኩ። ጊታሩ፣ ኦርጋኑ፣ ሳክስፎኑ፣ ሶል የሚሉት ምት! ደሜ ፈላ። የዓሊማን ግጥም ለቀቅሁት፦

ሮቢት ላይ ጠቆረ፣ ዋጃ ላይ ደመና፣
የኔን ጓሮ ዘለህ፣ የት ልትዘንብ ነው ገና?

ከዚያ ዝም አልኩ። ቀጣዩን ስንኝ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ልማድ ሆኖብኝ አንገቴን ወደ በሩ አዙሬ ዓሊማ እስክትሰጠኝ ጠበቅሁ። ዓሊማ ደግሞ ዋጃ ናት! ሳክስፎን ነፊው ደንግጦ በዝምታው ውስጥ እየጮኸ ገባ። እኔ «ተበላሸ» ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ፤ አሳታሚው ግን ከወንበሩ ዘሎ «እንዳትነኩት! እንዲሁ ይታተማል!» አለ።

በሦስት ወር ሸክላው አልቆ እንደገና ታተመ። ሰው የሚወደው ያንን ዝምታ ነው፤ ሳክስፎኑ እስኪገባ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ዝናቡ ሲጠፋ ደግሞ ለወንድ የተገጠመው ግጥም ለሰማዩ ሆነ፤ እህል የጫኑ መኪኖች ሾፌሮች ሳይቀሩ እያለቀሱ ይዘፍኑታል።

ጥፋቴ ይህ ነው። አሳታሚው «ግጥሙ የማን ነው?» ሲለኝ ጉራ ያዘኝና «የኔ» አልኩ። ሸክላው ላይም እንዲያው ተጻፈ። ዓሊማ ያንን ካየች ቀን ጀምሮ አንድ ግጥም አልሰጠችኝም፤ ደጃፌንም አልረገጠችም። ሸክላው ውስጥ የሷ ድምፅ የለም፤ ያለው የሷ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘፈኑ የዓሊማ ነው። እንደገና ሲታተም ስሟ ይጻፍ፤ ከእንግዲህ የሚገባውም ሁሉ የሷ ይሁን። ዓሊማዬ፣ በጣም ናፍቀሽኛል።

ትናንት አስካለን ዋጃ ልኬባት ነበር። አሁን ይህን ሳስጽፍ ደጃፉ ላይ ሰው ተቀመጠ። ዓሊማ ናት! ከስታለች፤ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። አቶ ገብረ ማርያም «ወራሽ ምስክር አይሆንም» አሏት። «ልፈርም አይደለም የመጣሁት» አለች።

ልናገር አፌን ከፍቼ ቃል ጠፋኝ፤ ዝም አልኩ። ቤቱም ዝም አለ። ያን ጊዜ ዓሊማ ከደጃፉ «ጥሩዬ፣ ተቀበይ!» አለችኝ፦

እኔን ስትጠብቂ፣ ሸክላው ዝም ቢልሽ፣
ይኸው መጣሁልሽ፣ ደመና ይዤልሽ።

ተቀብያለሁ። ተኝቼ፣ በዚህ ድምፄ፣ ሁለቴ ዘፍኜዋለሁ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የጥሩወርቅ አለሙ የጣት አሻራ

እኛ ምስክሮች ኑዛዜው ሲነገርና ተጽፎ ሲነበብ ነበርን። ግጥሙን የሰጠችው ወይዘሮ ዓሊማ መሆኗንም አራታችን በጆሯችን ሰምተናል።

ሸረፈዲን አህመድ (ፊርማ)
አባይ ደሳለኝ (ፊርማ)
መይሙና ነጅሙዲን (የጣት አሻራ)
ማሚቴ ገብረ ማርያም (የጣት አሻራ)