ያልወጣው መስመር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከደስታ ብዛት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ዛሬ ማርቆስ ከተማ ሆስፒታል ሄጄ የልጄን የሰላምን የአክታ ውጤት ተቀበልኩ። ሦስት ወር የቲቢ መድኃኒት ወስዳም ሳሏ አልቆም ስላለ፣ ሐኪሙ ጀርሙን ላቦራቶሪ ውስጥ አራብተው ምን እንደሆነ እንዲለዩት አዝዞ ነበር።

የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ጀርሙን የፈተሹበትን ትንሽዬ መመርመሪያ አሳየችኝ። "ቲቢ ቢሆን ሁለት መስመር ይወጣ ነበር። ይሄው፣ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መመርመሪያው መሥራቱን ነው የሚያሳየው።"

"ቲቢው በማይክሮስኮፕ ታየ ብላችሁኝ አልነበር?"

"በማይክሮስኮፕ መልካቸው አንድ ነው፣ ጋሼ። ይሄኛውን የቲቢ የአጎት ልጅ በሉት። ውሃና አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እንደ ቲቢ ከሰው ሰው አይጋባም። ዝርያውን ለይተን ስንጨርስ መድኃኒቷ ይቀየራል።"

ሉማሜ ቤቴ እንደገባሁ፣ ቲቢው ተጋብቶባቸው ይሆናል ብዬ ከሰላም ጋር የበሉትን ሰዎች የመዘገብኩበትን ወረቀት አውጥቼ አሥራ አራቱንም ስም ሰረዝኩ። ለብቻው ያስቀመጥኩትን ብርጭቆዋን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኩት። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥኩና ሌላ ጀመርኩ።

1. የጓሮው ጉድጓድ
2. በርሜሉ
3. የትምህርት ቤቷ ቧንቧ

ሰላም ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። "አባዬ፣ አሁን ደግሞ ውሃውን ልትከስ ነው?" ብላ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ሳል ሆነ።

4. አዲሱ መድኃኒት መቼ ነው የሚጀመረው? ነገ በጠዋት ደውዬ እጠይቃለሁ።