ኡሎሜዞ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 11 ሰዓት።
ከሶዶ ተመለስኩ፣ ከእኛው ሶዶ ሳይሆን እዚህ ፈረንጆቹ ሶዶ ከሚሉት ሰፈር፣ ከምሠራበት ፓርኪንግ። እግሬ በረዶ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የወጣው «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» ብቻ። ማስታወሻዬ፣ አማርኛ የማወራው ካንቺና ከጸሎት መጽሐፌ ጋር ሆኗል።
የድንጋዩ ንድፍ በኢሜይል መጣ፤ የባለቤቴ የአልማዝ መቃብር ድንጋይ። ቀራጩ ፈረንጅ ነው። ኮምፒውተሩ ፊደላችንን ባዶ ሣጥን አድርጎ ስላሳየው ልጄ ሩት ስሙን በፓይተን፣ በኮምፒውተር ማዘዣ ቋንቋ፣ ጻፈችለት። ለካ ለኮምፒውተር ፊደል ማለት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ስትሰጪው ፊደሉን ያወጣል። «ሀ» 4608 ናት። ሩት አማርኛ አታነብም። የእጅ ጽሑፌን ከኮምፒውተሩ የፊደል ገበታ ጋር እያስተያየች፣ ከ4608 ላይ እየደመረች ቆጠረች። ለፋች ልጄ።
ከፈትኩት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ።
ኡሎሜዞ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11። ጠዋት 1፡00።
ገባኝ። አ ኡ ሆኗል፤ ል ሎ፤ ማ ሜ፤ ዝ ዞ። ሁሉም አንድ አንድ ቤት አልፏል። ሩት «ሀ»ን አንድ ብላ ጀምራለች፤ ኮምፒውተሩ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።
ቀራጩ እስከ ዓርብ ኦኬ በሉኝ ብሏል። ሩት ቴክስት አደረገች፣ አማረ ወይ አባ ብላ፣ በእንግሊዝኛ። እናቷ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ስትደሰት አላየሁም። እንዴት ልንገራት? በስውር ላስተካክለው? ድንጋዩ ፊት ብትቆም ልዩነቱን አታውቀውም። እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል።
ቅዳሴ ቀረብኝ፣ ሥራ። ባስ ውስጥ አማተብኩና ኮል አደረግኩላት። ነገርኳት። ከዚያ ሶሪ አባ፣ ሶሪ፣ ለቅሶ። ምን እንደሚል አንብብልኝ አለች።
«ኡሎሜዞ።»
«ኡሎ... ምን? አባ! እማዬ ብትሰማ?»
«ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት ትለኝ ነበር።»
ሳቀች። እኔም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አቤቱ ይቅር በለኝ፣ በስሟ ሳቅሁ። ግን ቀለለኝ።

ከሰዓት በኋላ።
ከየቁጥሩ አንድ ቀንሳ ላከችልኝ። አልማዝ ይላል። ልክ ነው አልኳት። እሷ ግን አንተ ልክ ነው ስላልክ ብቻ አልልክም፣ ራሴ ማንበብ አለብኝ አለች። እሁድ በስልክ ከ«ሀ» እንጀምራለን።
ለቀራጩ ጻፍኩለት፦ ዓርብ አይሆንም። ድንጋዩ ይቆይ። ልጄ ስታነበው ይቀረጻል።