ባሌን «ስንት ነው?» ብለው ለጠየቁት

ለተከበሩ የልብ ሕሙማን ማገገሚያ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ልብዎ በወጉ እንዲመታ፣ ደረጃ ሲወጡም ትንፋሽዎ እንዳያጥርብዎ እመኛለሁ። እኔ በዚህ መጽሔት የሰፈሩን ሠርግና ፍቺ የምጽፈዋ ጉንቮር ነኝ፤ ልቡ ደክሞ ወደ እርስዎ የመጣው ባለቤቴ ቶርሞድ ደግሞ አርባ ዓመት በሰሜኑ ባሕር ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው። «ድካሙን በትክክል ባለመግለጹ» ከልምምድ ቡድኑ መሰናበቱን የሚያበስረው ደብዳቤዎ ስለ ደረሰን ከልብ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎች እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ፦ በእርስዎ ሕግ ታካሚው ድካሙን ከስድስት እስከ ሃያ በቁጥር ይናገራል፤ ዐሥራ አንድ «ቀላል»፣ ዐሥራ ሰባት «በጣም ከባድ» ነው። ቶርሞድ «ዐሥራ አንድ» አለ፤ አሠልጣኟ ሲኖቬ የመሮጫ ማሽኑን ዳገት ጨመረች። «አሁንስ ስንት ነው?» «ዐሥራ አንድ።» ደግማ ጨመረች። በአራተኛው ደቂቃ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ «ዐሥራ አንድ» እንዳለ ተዘረረ። የመረብ መጎተቻ ጣቱን ሲቆርጠው «ትንሽ አይመችም» ያለ ሰው ምን እንዲልዎ ጠብቀው ነበር? ጎረቤቴ ራግንፍሪድ እንኳ፣ «አንቺዬ፣ ያንቺ ሰውዬ ሬሳ ሳጥን ውስጥም ሆኖ ‹ይመቻል› ነው የሚለው» ብላኛለች፤ እሷ ደግሞ ሐኪም አይደለችም።

2ኛ፦ የልብ ምቱን ቆጥሮ ሲፈጥን የሚጮኸው ሰዓትም እንዳልጮኸ ጽፈዋል። ልቡ እንዳይፈጥን የሚይዘውን ክኒን ያዘዘው የራስዎ ሆስፒታል መሆኑን ላስታውስዎ ብደፍር ይቅርታዎ አይለየኝ።

3ኛ፦ እኔ በመስታወቱ ማዶ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፤ «ቤተሰብ ውጭ ይጠብቃል» ተብያለሁና። ጆሮው ሲነጣ አይቻለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ወሬውን ሲያቆም አይቻለሁ፤ ቶርሞድ ወሬ የሚያቆመው ሲተኛና ሊሞት ሲል ብቻ ነው።

ልምምዱን ጠልቼ አይደለም። ከመጸው ጀምሮ እስከ ፖስታ ሣጥኑ ያለውን ዳገት ሳያርፍ መውጣት ችሎ ነበር፤ ያለ ልምምድ ከሶፋው ጋር አብሮ እንደሚያረጅ አውቃለሁ። ስለዚህ ይመልሱት፤ ነገር ግን ቁጥር አይጠይቁት። ስለ ዓሣ ያውራ፤ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ሲያቅተው ማሽኑን ዝቅ ያድርጉለት። ይህ ከከበደዎት ለእኔ አንድ ወንበር ከመስታወቱ ወዲህ ያስገቡልኝ።

ለሚሰጡት ፈጣን ምላሽ በትዕግሥት እያመሰገንኩ፣ የሚወጡት ዳገት ሁሉ በልክዎ ይሆንልዎ ዘንድ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ ጉንቮር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከደብዳቤዎ ጋር የላኩትን የእርካታ መጠይቅ ቶርሞድ፣ እዚያው እርስዎ ሆስፒታል ተኝቶ፣ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተሰክቶለት፣ በገዛ እጁ ሞልቶታል። «እጅግ ረክቻለሁ» ይላል። አምነው ያስቀምጡት።